ብርድ ያልጠገበ አበባ

ጥቅምት ፳፬ ቀን

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ለቀዘቀዘችው እትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ አፍንጫሽ ሁሉ ደህና ነው? በፎቶው ላይ አፍንጫሽ ቀልቶ አይታ እማዬ ሳምንቱን ሙሉ ስታዝን ከረመች። እኛ ከእማዬ ጉልበትና ከእኔ ጠባይ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ለሁለቱም ሐኪም ጠፍቷል።

የላክሽው ጥቅል ደረሰ። እኔ የጠበቅኩት ጃኬት ነበር። ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ የፍራፍሬ ሳጥን ስሸከም ለምውለው ለአክስትሽ ልጅ ታዝናለች ብዬ። የወጣው ግን አንድ ካልሲ ሙሉ ሽንኩርት! እማዬ ካልሲውን ገልብጣ አየችና «ልጄን የሰው አገር አሳበዳት። እዚህ ሽንኩርት ጠፋ አሏት እንዴ?» ብላ ቢላዋ አነሳች። አንዱን ለሁለት ከፍላ ሁለተኛውን ልትቀጥል ስትል ነው ዳኛዋ ከካልሲው ጫፍ ወረቀት ጎትታ ያወጣችው።

ዳኛዋ ያልኩሽ ልጅሽ ናት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ያወጣሁላት ስም ነው። ገና በሰባት ዓመቷ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ሆናለች። እኔ እከሰሳለሁ፣ እማዬ ትመሰክራለች፣ እሷ ትፈርዳለች። ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፦ «ይህ አበባ ነው። እንዳትበሉት፣ መርዝ ነው። ልጄ፣ ይህ አበባ የፈነዳ ዕለት እመጣለሁ።»

እትዬ ሙች፣ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ደጃፍ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ግን «መርዝ ነው» የሚል ወረቀት ካልሲ ጫፍ ውስጥ እንደማይቀበር እኔም አውቃለሁ። ለጥቂት ነው ቤተሰቡን ጠቅልለሽ ያልቀበርሽው።

ከዚያ የት ይተከል የሚለው ክርክር ተነሳ። እኔ ደጅ ላይ አልኩ። እማዬ «ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው፣ ብርድ እንዳይመታው» አለችና ረታችኝ። ስለዚህ ቂጡ በተበሳው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ተክለን የዳቦ ቤቱ ምድጃ ካለበት ግድግዳ አስጠግተነዋል። ያ ግድግዳ ትኩስ ስለሆነ የሰፈሩ ድመት ሁሉ የሚያድርበት ነው። ማታ ማታ ዳኛዋ ሹራቧን ታለብሰዋለች። ጠዋት ከእንቅልፏ ተነስታ ፊቷን ሳትታጠብ ሄዳ ታየዋለች።

እኔም ብርድ እየመታኝ ነው። ግን እኔ አበባ አይደለሁም።

ጃኬት ናፋቂው ወንድምሽ


ታኅሣሥ ፱ ቀን

ለወንድሜ፤

ፈጣሪ ከነቀልድህ ይጠብቅህ። አክስቴን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ልጄን ሁለቱንም ዓይኖቿን። እኔ ደህና ነኝ፤ አፍንጫዬም ደህና ነው።

የወረቀቱን ነገር ተወው፤ ቸኩዬ ነው። አበባውን እዚህ ዳፎዲል ይሉታል። ቢጫ ነው። ዙሪያውን እንደ ኮከብ ይዘረጋል፣ ከመሐሉ ትንሽ ጡሩንባ ይወጣል። የምሠራው እሱ በሚታሸግበት ቤት ነው ብዬህ አልነበር? ሳይፈነዳ ነው የምንቆርጠው፤ ቆብ እንደ ደፋ፣ እንደ ተቆጡት ልጅ አንገቱን ሰብሮ ሲቆም። እፍኝ እፍኙን በላስቲክ አስረን ሳጥን ውስጥ እናስተኛዋለን። ጭማቂው ያሳክካል። ማታ እጄን በቅባት አሽቼ ነው የምተኛው።

አክስቴ ልክ ናቸው፣ ግድግዳው ጥሩ ቦታ ነው። እዚህ ተክል ወደሚሞቅበት የመስታወት ቤት ስናስገባቸው ጫፋቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሙቀት ሲሸታቸው ግን ወዲያው ይመዘዛሉ። እናንተ ዘንድማ ከእኛ ቀድሞ ሳይፈነዳ አይቀርም። ውኃ አታብዙበት።

ልጄ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ምን አለች? እሱን አልጻፍክልኝም።

እህትህ


የካቲት ፬ ቀን

ለእትዬ፣ የጡሩንባ አበባ አሳሪዋ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ቅዝቃዜሽ ይቅለል። ዳፎዲል ስትዪ እኔ የመድኃኒት ስም መስሎኝ ነበር። «ከምግብ በኋላ በቀን ሁለቴ።» እማዬም ለጉልበቴ ይሆነኝ ይሆን ብላ ጠይቃለች።

ልጅሽ አንብባ ስትጨርስ «እሺ» አለች። ሌላ ምንም። ወረቀቱን አጥፋ ጫማዋ ውስጥ አስገባችውና ትምህርት ቤት ሄደች። ቀኑን ሙሉ ስታነክስ ዋለች።

አሁን ወደ ጉዳያችን። አበባሽ በቀለ። ግን እትዬ፣ ቅጠል ብቻ! ረዘመ፣ ቀጠነ፣ ከዚያ እንደ ሰካራም ግድግዳውን ተደግፎ ወደቀ። ዳኛዋ በክር ደገፈችው። ጡሩንባ የለም፣ ኮከብ የለም። «ፀሐይ አንሶት ይሆናል» ብዬ ጥቂቱን ነቅዬ በጣሳ ጣሪያው ላይ አወጣሁት፤ ጫፉ ተቃጠለ። «ውኃ ጠምቶት ይሆናል» ብዬ አንዱን ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር አስቀመጥኩት። ሥሩ በሰበሰና ገለበጥኩት፤ የሸተተኝን ሽታ ለጠላቴም አልመኝም። ሌላውን ከውኃ በርሜሉ ጀርባ፣ ጥላ ውስጥ አኖርኩት። እሱ አጠር፣ ጠንከር ብሎ ወጥቷል፤ ከሁሉ ደህናው እሱ ነው። ግን እሱም ቅጠል ነው። ዳኛዋ ስኳር በውኃ በጥብጣ ሰጠችው። ጉንዳን መጣ።

የዳቦ ቤቱ ጋጋሪ በየቀኑ «ሽንኩርታችሁ ደረሰ?» ይለኛል። ከተማ ሁሉ የሚሰለፍበት ሽታ ያለው አበባ ነው፣ ሲፈነዳ ገበያህ ይደራል ብዬው ነበር። አሁን እሱም ማታ ማታ አበባውን እንደ ታማሚ ይጠይቀዋል።

እውነቴን ነው፣ ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። አፈር እዚህም አለ። ፀሐይማ እናበድራችኋለን። እዚያ ምን እየበላ ነው እዚህ የጾመው? አለቃሽን ጠይቂልኝ። ጃኬቱንም።

ገበሬው ወንድምሽ


ሚያዝያ ፲፮ ቀን

ለወንድሜ፤

እንደምን ከርማችኋል? ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ ነው። ወቅቱ ስለሆነ ሌሊት ገብተን ሌሊት እንወጣለን፤ ዕረፍት ጠያቂ ካለ በሩ ያው ነው ይሉናል። እኔ ደግሞ ገና ቋሚ አላደረጉኝም።

የልጄን እግር ወረቀት ላይ አስቀምጠህ በእርሳስ ዙሪያውን አስምረህ ላክልኝ። ጫማ ልገዛላት ነው። ሁለቱንም እግር። ቁመቷን ደግሞ በክር ለካ። አሁንም በግራ እጇ ነው የምትጽፈው?

ሁላችሁንም ሰላም በልልኝ።

እህትህ


ግንቦት ፪ ቀን

እትዬ፤

ሰላምታውን ለእማዬና ለሁሉም ሰው እንዳደረስኩ ቁጠሪውና ልቀጥል። ስለ አበባ ጠየቅኩሽ፣ ስለ ጫማ መለስሽልኝ። እግሩ እዚህ ውስጥ አለ። ሲሰመርባት ኮርኩሯት ስለሳቀች ነው የተንጋደደው እንጂ እግሯስ ቀጥ ያለ ነው። ክሩም አለ። አዎ፣ በግራ እጇ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሳቂ ብዬ አይደለም። ባለፈው ከቢጫ የዘይት ጀሪካን በመቀስ አበባ ቆረጥኩ። ኮከቡንም፣ ጡሩንባውንም አንቺ እንደ ጻፍሽው። ሌሊት ሄጄ ቅጠሉ መሐል በሽቦ አሰርኩት። ጠዋት ስታየው የምትጮኸውን ጩኸት፣ ከዚያ የምትፈርድብኝን ፍርድ እያሰብኩ ብቻዬን እየሳቅኩ ተኛሁ።

አልጮኸችም። ስነሳ የለችም። ፀጉሯን ራሷ አበጥራለች፣ የተሻለውን ቀሚሷን ለብሳለች፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አዝላ የውጭው በር ደፍ ላይ ተቀምጣለች። «ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «ፈንድቷል እኮ» አለችኝ። መንገዱን ነበር የምታየው።

ጀሪካን መሆኑን እንዴት ብዬ እንደ ነገርኳት አትጠይቂኝ። አላለቀሰችም። «በሌላ ነገር ቀልድ» አለችኝ። እማዬ ደግሞ እስካሁን አላናገረችኝም፣ ሳህኑን እንኳ በዳኛዋ እጅ ነው የምትልክልኝ።

ስለዚህ አሁን ደረቴን ነፍቼ ነው የምጠይቅሽ። ያ ነገር እዚህ ያብባል ወይስ አያብብም? ካላበበ ልጅቷ ምን ልትጠብቅ ነው?

ቀልዱ ያለቀበት ወንድምሽ


ሰኔ ፲፱ ቀን

ለወንድሜ፤

ጤና ለአክስቴ፣ ጤና ለልጄ፣ ለአንተም ልቦና ይስጥህ። ደብዳቤህን አንብቤ ብዙ ጊዜ መልስ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

አለቃዬን ጠየቅኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ከዚያ እጄን ይዞ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለ ክፍል ወሰደኝ። ጨለማ ነው፣ እንደ አንተ መጋዘን ይቀዘቅዛል። አበባው የተተከለባቸው ጣሳዎች መስታወቱ ቤት ከመግባታቸው በፊት ክረምቱን የሚከርሙት እዚያ ነው። ለካስ እኔ ያየሁት የመጨረሻዋን ሳምንት ነው! ሙቀት ያፈነዳዋል፤ ግን መጀመሪያ ወራት ሙሉ ብርድ ካልጠገበ የሚፈነዳ ነገር አይኖረውም። ያለ ብርድ ቅጠል ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሹራብ አለበስነው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ተከፈተ መሰለኝ፣ ባለፈው ወቅት ያየሁትን ሁሉ እያስታወስኩ እገረማለሁ። ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ያሉት ቀድመው ይፈነዳሉ፤ ቀድመውም ያልፋሉ። ዛፍ ሥር ያሉት ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ ብርሃናቸውን ይሰርቃሉ። አንድ ጠዋት በረዶ ጣለባቸውና ሜዳ ሙሉ መሬት ላይ ተኙ። አለቀላቸው አልኩ። ምሳ በልተን ስንወጣ ውኃቸውን አራግፈው ቆመዋል። ብርድ ሲሆን ብዙ ይቆያሉ፤ ሞቅ ሲል ግን ተጣድፈው ይረግፋሉ።

ልጄ በር ላይ መቀመጧን አሁንም አየዋለሁ። ያኔ ስጽፍ የማበቢያው ወር እዚህ ሥራው የሚፈነዳበት ወር መሆኑን አላሰብኩም። በዚያ ወር ወጥቼ ብመጣ ተመልሼ የምገባበት በር የለኝም። አለቃዬ ያለ ብርድ አያብብም ሲለኝ ደግሞ፣ እንግዲህ ምን ልበልህ፣ ትንሽ ቀለለኝ። ይህን ለአክስቴ አታንብብላቸው።

እህትህ


ሐምሌ ፩ ቀን

ለእትዬ፤

አላነበብኩላትም። ለራሴ ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ጃኬቱን ተይው። ሽንኩርት ላኪልኝ። ብርድማ የእኔ ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እገፋዋለሁ። ለማበብ የሚያስፈልገው ብርድ ብቻ ከሆነ መጋዘናችን ውስጥ በግድግዳው ልክ አለ።

ወረቀት አታስገቢበት። ዳኛዋ የመጀመሪያው አላት።

ወንድምሽ


ጥር ፰ ቀን

ይድረስ ካልሲ ልካ ቃል ላልላከችው እትዬ፤

እንደምነሽ? መስከረም ላይ ካልሲው ደርሶን ነበር። የግራው እግር መሆኑ ነው፤ ጥንዱ ሞላ፣ እማዬ ለብሳዋለች። ደብዳቤ ፈልጌ እስከ ጫፉ ገለበጥኩት። እሺ፣ ዝም ካልሽ እኔ ላውራ።

ውስጡ የነበሩትን ሽንኩርቶች በጣሳ ተከልኳቸው። ችግሩ ቁልፉ ነበር። ቁልፉ የምንለው ኃላፊያችንን ነው፤ ሲራመድ እንደ በግ ደወል ይንሿሿል። የግል ዕቃ መጋዘን ማስገባት ክልክል ነው። ስለዚህ «አፈሩ ውስጥ ያለው እንቁላል ነው፣ በብርድ የሚፈለፈል የባሕር ማዶ ወፍ ነው» አልኩት። ተሳደበ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። «ሲወጣ ይናከሳል?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ጣሳው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ሁለተኛ ጥበቃ አላስፈለገኝም።

ግማሹን ከፖም ሳጥኖቹ አጠገብ፣ ግማሹን ከካሮቱ ጀርባ ደበቅኩ። ሥር እስኪይዙ፣ ጫፍ እስኪያወጡ ጠበቅኩ። የፖሞቹ ጎረቤቶች ጥሩ አድርገው ወጡ፤ ግን ቆቡን ስገልጠው ውስጡ ያለው አበባ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ደርቋል። የካሮቶቹ ጎረቤቶች ወፍራም እምቡጥ! ብርዱ አንድ፣ ጨለማው አንድ፣ ውኃው አንድ። ምን ለያቸው? ስንት ቀን ጭንቅላቴን ሳክ ከረምኩ መሰለሽ። ከዚያ አንድ ቀን እማዬ አቮካዶ ቶሎ እንዲበስልላት ሙዝ አጠገብ ጠቅልላ ስታስቀምጥ አየሁና ግንባሬን በጥፊ መታሁ። የበሰለ ፍሬ ይተነፍሳል እኮ! ጎረቤቱን ያበስላል። ፖሞቹ እየተነፈሱ እምቡጡን በማሕፀኑ አስረጁት። ምን አገናኝቷቸው ነው ግን? ፖም ለአበባ ምን ክፉ አለው? ይህን ደግሞ ለአለቃሽ ንገሪው፤ ካላወቀው ይግረመው፣ ካወቀው ምነው ዝም አለ በዪው።

እና አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ጣሳ ወደ ውጭ ባወጣ በሳምንት ውስጥ ይፈነዳሉ። አንገታቸውን መስበር ጀምረዋል። ብርዱ ውስጥ ካቆየኋቸው ደግሞ ባሉበት ቆመው ይጠብቃሉ። ዳኛዋ ምንም አታውቅም፤ ባዶውን ሳፋ ነው አሁንም የምታጠጣው።

ልልቀቀው ወይስ ልያዘው? አንቺ ነሽ የምታውቂው።

የወፍ አርቢው ወንድምሽ


ጥር ፳፱ ቀን

ወንድሜ፤

ያዘው። እባክህ። ሥራው ገና ሊጀምር ነው፣ አለቃዬ የዕረፍት ጥያቄዬን ሳያነብ መለሰልኝ። እሷ እንዳታይ።

እህትህ


የካቲት ፳፪ ቀን

ለእትዬ፤

እንዳልሽኝ ያዝኩት። ግን ብርድም ለዘላለም አይይዝም። እምቡጦቹ አንድ በአንድ ይጠወልጉ ጀመር። በመጨረሻ ደህና የቀረው አንድ ጣሳ ነው።

እማዬ ዳኛዋን ምሳዬን አስይዛ ላከቻት። እኔ መኪና እየጫንኩ ነበር። ቁልፉ «ወፉን ላሳይሽ?» ብሎ እጇን ይዞ አስገባት። ስደርስ ካሮቱ ጀርባ ቁጭ ብላ ጣሳውን እያየች ነው። ትንፋሿ ይጨሳል።

«ይሄ የእኔ ነው?»

«አዎ።»

«ለምን እዚህ አስቀመጥከው?»

ወፍ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። እትዬ ሙች፣ አልወጣልኝም። «ቢወጣ ይፈነዳል። እናትሽ ደግሞ አሁን ሥራ ላይ ናት፣ መምጣት አትችልም» አልኳት።

ጣሳውን በሁለት እጇ ነካችው። «በርዶታል። አውጣው» አለች። ፍርድ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ወደ ቤት ወሰድነው። በዳቦ ቤቱ ግድግዳ በኩል ልታስቀምጠው ስትል «እዚያ አይሆንም፣ በሙቀቱ ቶሎ ይረግፋል» ብዬ በርሜሉ ጀርባ ጥላው ውስጥ አኖርነው። ትዕግሥቴ እስኪያልቅ ጠበቅኩት። ቆቡን ቀደደ፣ አንገቱን ሰበረ፣ ከዚያ ትናንት ጠዋት ዳኛዋ ቀሰቀሰችኝ። ፈንድቷል። ከጀሪካኑ ያንሳል። እንዲህ ያለ ቢጫ ግን አይቼ አላውቅም። እማዬ ደጋግማ አሸተተችው። ጋጋሪው በዱቄት እጁ ሊነካው ሲል ዳኛዋ ከለከለችው። አበባው ፊቱን ብርሃን ወዳለበት አዞረ። እኔ ጣሳውን አዞርኩበት፤ አበባው ሰነፍ ነው፣ አልተመለሰም።

ልጅሽ በር ላይ አልተቀመጠችም። ቀሚስ አልቀየረችም። አጠገቡ ተንበርክካ ብዙ አየችውና እንዲህ አለችኝ፦

«ለእናቴ እንዳትጽፍላት።»

«ለምን?»

«ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትሮጣለች። ቅጠል ብቻ ነው በላት።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በገዛ ፈቃዴ ስዋሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታዝዤ ልዋሽ ብዬ ወረቀት አወጣሁ፣ «ቅጠል ብቻ ነው» ብዬም ጻፍኩ። ከዚያ ቀደድኩት፣ ይሄኛውን ጀመርኩ። የምትመጪውንም የማትመጪውንም አንቺ ታውቂያለሽ። ልጅሽ ግን ምን እንዳለች ሳታውቂ እንዳትቀሪ ብዬ ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት ፲፩ ቀን

ለወንድሜ፤

ይህን አብራኝ የምትሠራ ሴት ቀድማኝ እየመጣች ስለሆነ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ጃኬትህንም ይዛልሃለች። ለእጅህ ይረዝም ይሆናል።

ዘንድሮ እዚህ ክረምቱ አልከረረም። ከዚያ ባልጠበቅነው ወር ፀሐይ ወጣችና ሜዳው ሙሉ ባንድ ሳምንት ፈነዳ። ወር ሙሉ ተራ በተራ የምንቆርጠው ሁሉ በአንድ ጊዜ አፉን ከፈተ። የፈነዳ ደግሞ አይሸጥም። አለቃዬ ሜዳው ዳር ቆሞ ሲያይ ዋለ፣ ቢጫውን ሁሉ። ማታ ሰበሰበንና «ዘንድሮ የሚታሰር አልቀረም፣ ቤታችሁ ሂዱ፣ በመኸር እጠራችኋለሁ» አለን። ሌሎቹ አዘኑ። እኔም ማዘን ነበረብኝ። ደብዳቤህ ኪሴ ውስጥ ነበር። ልብሴን ሳልቀይር ሄጄ ትኬት ቆረጥኩ።

አበባው እስክደርስ ከረገፈ ይርገፍ። ቅጠሉን ግን ማንም እንዳይቆርጠው፣ አክስቴም ቢሆኑ። ለከርሞው አበባ የሚሰንቀው እሱ ነው፣ እስኪደርቅ ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ ለምኜሃለሁ። ልጄ ከጠየቀችህ እንዳዘዘችህ እንደ ጻፍክልኝ ንገራት። ቅጠል ብቻ ነው ብለኸኛል። እኔም አበባውን ሳልጠብቅ፣ ቅጠል ብቻ ነው ሲሉኝ ነው የመጣሁት።

እህትህ